የሰው ሠርግ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ?

ፎቶና ቪዲዮው በየኤክስተርናሉ ተበትኖ የተቸገረ ሰው፣ ዲስኮቹን አንድ ማሽን ውስጥ ሰብስቦ በቤቱ ኔትወርክ የሚከፈት የራሱን ሰርቨር መገጣጠም ያምረዋል። ለመጀመሪያው ሰርቨር ዕቃው ከየት ይምጣ? በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደሩት ጸሐፊና የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩት ጸሐፊ በዚህ አልተስማሙም።

ዲስኩ አዲስ፣ ሌላው ያገለገለ ይሁን (የጥገና ባለሙያው)

ሰርቨር ልገጣጥም ብሎ ሱቄ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ፕሮሰሰር ነው። ስንት ኮር ይኑረው? ስንተኛ ትውልድ ይሁን? እኔ ደግሞ ቤቱ የተዘረጋው የኔትወርክ መስመር ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እጠይቀዋለሁ። የአንድ ጊጋቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ ከ110 እስከ 118 ሜጋባይት ያሳልፋል። አንድ ተራ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ብቻውን ከዚህ በላይ ያነባል። ሥራው ፋይል መቀበልና ማቀበል ብቻ ለሆነ ማሽን፣ ከቢሮ የወጣ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ከበቂ በላይ ነው። ገመዱ አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ፕሮሰሰሩ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ይቻላል። ታዲያ ለአዲስ ፕሮሰሰር የተጨመረው ብር ምን ላይ ዋለ?

ስለዚህ የምመክረው ከዱባይ የሚገቡትን የዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ የቢሮ ኮምፒውተሮች ነው። ከመክፈልዎ በፊት ክዳኑን ያስከፍቱ። መጽሐፍ የሚያካክሉት ትንንሾቹ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ አያስገቡም፣ ይተዉአቸው። ዝቅ ያለው ኬዝ እንደ ሞዴሉ አንድ ወይም ሁለት ያስገባል፤ ረጅሙ ታወር ይሻላል። ማዘርቦርዱ ላይ ለሁለት ዲስክና ሲስተሙ ለሚጫንበት ኤስኤስዲ የሚበቃ መሰኪያ መኖሩን ቆጥረው ያረጋግጡ። ራሙ 8 ጊጋ ከሆነ መጀመር ይቻላል፣ 16 ከሆነ ደግሞ ደስ ይላል። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሱት ሲስተሞች፣ ትሩናስም ኦፕንሚዲያቮልትም፣ በነጻ የሚገኙ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፦ ከድርጅት የተወገደ የራክ ሰርቨር። ዋጋው ርካሽ መስሎ ያታልላል፤ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ እንኳ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። 100 ዋት በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ 20 ዋት የምትበላው የቢሮ ኮምፒውተር 175 ብቻ ትወስዳለች። ከቆጣሪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዩፒኤሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ያው ባትሪ አንዱን ማሽን ብዙ ደቂቃ ይዞ በሰላም እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሌላውን ግን ወዲያው ይጥለዋል።

የተረፈው ገንዘብ ወደ ዲስክ ይሂድ። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የመረጃ ማከማቻ ኩባንያ የዲስኮቹን ብልሽት በየጊዜው ያወጣል። ዓመታዊው መጠን እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. 1.4 በመቶ፣ በ2024 ዓ.ም. 1.57 በመቶ ነበር፤ ከ64 ዲስክ አንዱ በዓመት ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዲስክ ይግዙ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሁን። ቢቻል ከተለያየ ሱቅ ይግዟቸው፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ዲስኮች ችግራቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። ጉግል ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ በፍተሻ የመጀመሪያው የንባብ ስሕተት የታየበት ዲስክ በቀጣዩ 60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል ይላል። ስለዚህ አዲሱንም ዲስክ ገና ባዶ ሳለ ከዳር እስከ ዳር አስፈትሹት፤ ስሕተት ካሳየ ለሻጩ ይመለስ።

አዲስ ስል ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እመኑ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ዓ.ም. ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ብሎ በሬድ ስም ከሚሸጣቸው ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ከሚይዙ ዲስኮች መካከል፣ ኤስኤምአር በሚባለው ስልት የሚጽፉ እንዳሉ ሳይገልጽ መቆየቱ ታወቀ። በዚህ ስልት የመጻፊያ መስመሮቹ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ለጠርዝ ይደራረባሉ፤ አንዱን ለማደስ ጎረቤቱንም መንካት ግድ ነው። በዚያ ዓመት በተደረገ ፈተና፣ አንድ ዲስክ ሞቶ ሌላው እስኪተካ ድረስ መደበኛው ዲስክ ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ሲፈጅበት፣ ኤስኤምአሩ ከዘጠኝ ቀን በላይ ፈጀበት። ሲገዙ መደበኛው፣ ማለትም ሲኤምአር የሚባለው፣ መሆኑን በሞዴል ቁጥሩ ያረጋግጡ።

ሁሉም አዲስ ይሁን የሚል ሰው ደግሞ ብሩን ያስብ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ማዘርቦርዱም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ፓወር ሰፕላዩም በዶላር ነው የሚመጣው።

አደራ በመቶኛ አይሰላም (የቪዲዮ ባለሙያዋ)

ወንድሜ የጻፉትን ሳነብ አንድም ቦታ ላይ ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቁም። ፊልምና ዘፈን ከሆነ በፈለጉት ዕቃ ላይ ያስቀምጡት፤ ቢጠፋ እንደገና ይገኛል። እኔ የማስቀምጠው ግን የሰው ሠርግ፣ የሰው ክርስትና፣ የሰው መልስ ነው። የእኔ አይደለም፣ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ የሚጠየቀው ከስንቱ አንዱ ጠፋብህ ተብሎ ሳይሆን የእኔን አምጣ ተብሎ ነው።

በቅርብ የማውቀው አንድ ስቱዲዮ ነበር። ወንድሜ እንደሚመክሩት ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ሁለት አዲስ ዲስክ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ፣ ዩፒኤስም ነበረው። ሁሉም ተሟልቷል። አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለሙት ዓመቱ ልጃቸውን ሲመርቁ የተቀረጹትን ፈለጉ። ቪዲዮው ተከፈተ። አባት ይነሣሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ፣ ሙሽሮቹ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ይላሉ። እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ሲከፍቱ ምስሉ አረንጓዴና ግራጫ ቁርጥራጭ ሆኖ ተበታተነ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ምስሉ ሲመለስ ሁሉም ተቀምጦ ያጨበጭባል። ምርቃቱ የለም።

ሁለተኛው ዲስክ ታየ፤ ያው ነው። ቁርጥራጩም እዚያው ሰከንድ ላይ ነው። የቀረጸው ካርድ ከጠፋ ወራት አልፎታል፣ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። ማሽኑን ሌሊቱን በሙሉ ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሲፈትሹት ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ፤ ችግሩ ከራሙ ነበር። ፋይሉ ከካርዱ ወጥቶ ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት በራሙ ውስጥ ያልፋል፣ እዚያ ተበላሸ፣ የተበላሸው በሁለቱም ዲስክ ላይ በታማኝነት ተጻፈ። ዲስኮቹ አንድም ጥፋት የለባቸውም። ስንት በመቶው ዲስክ ይሞታል የሚለው ቁጥር እኚያን እናት ምን ይጠቅማቸዋል?

ስለዚህ የእኔ ዝርዝር የሚጀምረው ከራም ነው። ኢሲሲ የሚባለው ራም አንዲት ቢት ስትገለበጥ ራሱ ያርማል፣ ሁለት ሲሆኑ ስሕተት መኖሩን ይናገራል። የቢሮ ኮምፒውተሮቹ አይቀበሉትም። ራይዘን ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ይቀበሉታል፣ ስማቸው በጂ የሚያልቀው ባለ ግራፊክሶቹ ግን በአብዛኛው ፕሮ የሚል ካልተጻፈባቸው አይቀበሉትም፤ ማዘርቦርዱም መደገፉ መመሪያው ላይ ተጽፎ ይታይ። ሻጭ ይሠራል ስላለ ብቻ አይገዛም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ። ከቢሮ የወጣ ማሽን ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለስንት ዓመት በአቧራ ውስጥ እንደሞቀ ማን ያውቃል? ለዲስክ የሚሆን መሰኪያውም ያንሳል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? አሮጌውን ባለ አራት ቀዳዳ ሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይር ርካሽ ገመድ ይገዛል። ጭንቅላቱ በቀለጠ ፕላስቲክ የተደፈነው ዓይነት ውስጡ ሽቦ ለሽቦ ተነካክቶ እሳት እንደሚያነሣ የታወቀ ነው። አዲስ ዲስክ ገዝቶ በዚያ ገመድ ማብራት ለእኔ አደራን ማቃለል ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሰው ንብረት እንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ የሚያኖር ሰው ሥራውን አያከብርም።

ገንዘብ የለኝም የሚል ይጠብቅ። እስኪሞላለት ሁለት ኤክስተርናል ይግዛ፣ አንዱን ቤቱ አንዱን ዘመድ ጋ ያስቀምጥ፣ ደንበኛው ቪዲዮውን ወስዶ እስኪያይ ካርዱን አያጥፋ። ሰርቨር ሲገጣጥም ግን በደረሰኝና በዋስትና የተገዛ፣ ማን ተጠያቂ እንደሆነ የሚታወቅ ዕቃ ይሁን።

ሥራውን የማያከብረው ማን ነው? (የጥገና ባለሙያው)

እኅቴ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሥራውን አያከብርም ማለታቸው አሳዝኖኛል። ሱቄ የሚመጡትን አውቃቸዋለሁ። ካሜራቸውን በዕቁብ የገዙ ልጆች ናቸው። ይጠብቁ ቢሏቸው የሚጠብቁት አንድ ኤክስተርናል ላይ ነው። እኅቴ ሁለት አሉ፤ በተግባር ግን አንድ ነው፣ እሱም ቦርሳ ውስጥ ከቻርጀርና ከሌንስ ጋር ሲንገላታ ይውላል። ለዚህ ልጅ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ዲስክ ዛሬ መኖሩ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሚመጣው ኢሲሲ ይሻለዋል። ዲስክ በዓመት 1.57 በመቶ ይሞታል ስል ቁጥሩ የመቀለጃ አይደለም፤ ግልባጭ የሌለው ሰው በየዓመቱ የሚሸከመው ዕዳ ነው።

ስለ ኢሲሲ የሚባለው ደግሞ ተጋኗል። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ማቲው አረንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ዜድኤፍኤስ ከሌላ ፋይል ሲስተም ተለይቶ ኢሲሲን የሚጠይቅበት ምክንያት እንደሌለ ጽፏል። የዚያ ስቱዲዮ ራም ቢሆን በነጻ ፕሮግራም ማሽኑ በተገዛበት ዕለት ቢፈተሽ ይታወቅ ነበር። ሲገዙ ፈትሹ፣ በየወሩ ፈትሹ፤ ይህ ብር አይጠይቅም።

ደረሰኝና ዋስትናም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ከሱቅ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ከ15,000 እስከ 50,000 ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኙ። ኩባንያው እንዲህ አድርጌ አልሸጥኩም ብሏል፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ግን ስማርት በሚባለው መዝገብ ላይ ያለውን የሰዓት ቆጣሪ ወደ ዜሮ መልሶታል። ያጋለጣቸው ፋርም የተባለው ሌላው መዝገብ ነው፤ እሱን አልነኩትም ነበር። ደረሰኝ የያዙት ገዢዎች ተታለሉ፣ መዝገቡን ያነበቡት ደረሱበት። እኔ የምለው ይህንኑ ነው፦ ዕቃው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ የሚታመነው ተለክቶ ነው።

ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን (የቪዲዮ ባለሙያዋ)

ወንድሜ የጠቀሱት ሰው እዚያው ጽሑፉ ላይ፣ ከዚያው አንቀጽ ሳይርቅ፣ መረጃህን የምትወድ ከሆነ ኢሲሲ ተጠቀም የሚል ምክር ሰጥቷል። ዜድኤፍኤስን ለይቶ አይመለከትም ማለትና አያስፈልግም ማለት አንድ አይደሉም። አንባቢ ግማሹን ብቻ ሰምቶ ብሩን እንዲያወጣ አልፈልግም።

በየወሩ ፈትሹ ማለታቸውም አልገባኝም። ራም በወሩ መካከል ቢታመም፣ በዚያ ወር የተቀረጹት ሠርጎች የማን ናቸው? ሜምቴስት እየሠራ ሰርቨሩ አይሠራም፤ ሌሊቱን በሙሉ መዝጋት አለብህ። በሠርግ ወቅት፣ በጥርና በሚያዝያ፣ ቅዳሜ የቀረጸ እሑድ መልስ የሚቀርጽ ልጅ ማሽኑን ዘግቶ ሲፈትሽ አላየሁም።

ዕቁብ ጥለው ካሜራ የገዙትን ልጆች እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ከእኔ ጋር ይሠራሉ። ካሜራውን ሲገዙ ሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፈውን መርጠው፣ ለእሱ ተጨማሪ ወር ጠብቀው ገዝተዋል። መጠበቅ ያውቃሉ። ሥራ አያከብሩም አላልኩም፤ ወንድሜ ርካሹን ሲያሳዩአቸው ምን እንደጎደለው አብረው ይንገሯቸው ነው የምለው።

ስለ ሞሌክሱ ገመድ ግን አንድም ቃል አልመለሱልኝም። ሁለት ዲስክ ያስገባሉ ያሏቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ለሁለተኛው ዲስክ መሰኪያ ሲያጥር መብራቱን ከየት ያገኛሉ?