ቤንዚን አንግዛ ብንል ዋጋው ይወርዳል? የማደያው ወይስ የሃይላንዱ?

«ለሦስት ቀን ማንም ሰው ቤንዚን እንዳይገዛ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ሼር አድርጉት!» የሚል ዓይነት መልእክት የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር በቴሌግራምና በፌስቡክ መዞሩ አይቀርም። ግማሹ ሰው «ልክ ነው» ይላል፣ ግማሹ ይስቅበታል። እስኪ ዛሬ ሳንስቅ እንየው። ቢቸና ላይ ባጃጅ ለሚነዳ፣ ሞጣ ዙሪያ በሞተር ውሃ ስቦ ሽንኩርት ለሚያለማ ወጣት ነገሩ የቀልድ አይደለም፤ የራት ጉዳይ ነው።

መልሱን ከመጀመሪያው እንናገር። የማደያውን ዋጋ ባለመግዛት ማውረድ አይቻልም። የሃይላንዱን ዋጋ ግን አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ፈሳሹ አንድ ይሁን እንጂ ገበያው ሁለት ነው።

ከማደያው እንጀምር። ባለ ቲማቲሟ ገበያተኛ ሲርቃት ዋጋ ትቀንሳለች። ዋጋውን የጠራችው ራሷ ናት፣ ቲማቲሙም ካደረ ይበላሽባታል። ባለማደያው ግን ዋጋ አይጠራም። ነዳጁን ከውጭ የሚገዛው የመንግሥት የነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። የችርቻሮ ዋጋውን የሚያወጣው ደግሞ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ጅቡቲ ላይ የደረሰበት ዋጋ በዶላር ምንዛሪ ይባዛል፤ የመንገድ ፈንድና ሌሎች ክፍያዎች፣ የማጓጓዣው ሒሳብ፣ ለኩባንያውና ለማደያው የተፈቀደችው ትርፍ ይደመራሉ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር ይወጣል። እንደ ቢቸናና ሞጣ ላሉ ከተሞች የርቀቱ ማጓጓዣ ይታከልበታል። በቃ። ባለማደያው ቢያዝንላችሁ እንኳ ያቺን ቁጥር መንካት አይችልም። ሦስት ቀን ሳትገዙ ብትቀሩ ቤንዚኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቁጥሩም እዚያው ነው። በአራተኛው ቀን የሚቀየረው የሰልፉ ርዝመት ብቻ ነው።

ይህን አሜሪካኖቹ ድሮ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1999 «ሚያዝያ 30 ቀን ማንም ቤንዚን እንዳይቀዳ» የሚል መልእክት በኢሜይል አገሩን አዳረሰ። የኛ የቴሌግራም መልእክት አያት ልትሉት ትችላላችሁ። ዋጋው ግን አልወረደም። አንድ ቀን ያልቀዳ ሰው መንዳቱን ካላቆመ ወይ ከቀኑ በፊት ወይ ከቀኑ በኋላ ያንኑ ይቀዳል።

«ታዲያ የጨመረብን የዓለም ዋጋ ነዋ» የሚል ካለ ቁጥሮቹን ይያቸው። በ2014 ክረምት የታለመ ድጎማ የሚባለው ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2016 መጀመሪያ 77 ብር ከ65 ሆነ። መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 91 ብር ከ14፣ ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ደግሞ 101 ብር ከ47 ገባ። ከዚያም በኋላ አልቆመም። አሁን የዓለሙን ጎን ለጎን አስቀምጡት፦ በ2014 ክረምት፣ የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ በወራት ውስጥ፣ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ታኅሣሥ 2017 ላይ ከ80 ዶላር በታች ወርዷል። በርሜሉ ረከሰ፣ የኛ ሊትር ግን ከእጥፍ በላይ ተወደደ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ድጎማው ቀስ እያለ መነሣቱ ነው። ያ የ47 ብሩ ቤንዚን ርካሽ የነበረው ልዩነቱ በዕዳ እየተሸፈነ ስለነበር ነው፤ የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ዕዳ ከ100 ቢሊዮን ብር አልፎ ነበር። ሁለተኛው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ዘለለ። ሁለቱም ውሳኔዎች ማደያ ውስጥ የሉም። ዓለምን እናስደነግጥ ብንልም ኢትዮጵያ በሙሉ የምትጠቀመው ነዳጅ ዓለም በቀን ከሚያቃጥለው 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ አንድ ሺህኛውን አይሞላም።

እና አድማ የትም አይሠራም ማለት ነው? ይህን ለጎጃም ሰው መናገር ይከብዳል።

በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬ አልከፍልም አለ። መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ልነጠቅ ነው የሚል ሥጋት ነበረበት። ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም መጣ፣ ሰው ሞተ። መጨረሻው ግን የታወቀ ነው፦ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ፣ አዲሱም ግብር እዚህ በወጉ ሳይሰበሰብ ቀረ። በከተሞቻችን ያሉ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቶቻቸው ሰምተው ያወሩታል።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የቤንዚን ጉዳይ መጣ። በ1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያስወድዱ እዚህም የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ተጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከተማዋ ቆመች። በአምስት ቀን ውስጥ፣ የካቲት 16፣ ንጉሡ የቤንዚን ዋጋ እንዲቀነስ አደረጉ። በአገራችን ሰው ተባብሮ የቤንዚን ዋጋ ያስወረደበት ጊዜ ይህ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ባለታክሲዎቹ «ቤንዚን አንገዛም» አላሉም። ያቆሙት ሥራ ነው፣ የጠየቁትም ዋጋውን ያወጣውን አካል ነው። ማደያውን ማን ከቁም ነገር ቆጠረው!

ናይጄሪያም እ.ኤ.አ. በጥር 2012 እንዲሁ ነው የሆነው። መንግሥት ድጎማ አነሣሁ ሲል የቤንዚን ሊትር ከ65 ናይራ ወደ 141 ዘለለ። ሠራተኛው አገሩን ዘጋው፣ ዋጋው ወደ 97 ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን አዲሱ ፕሬዚዳንት ድጎማውን ጠቅልለው አነሡት። እንዲህ ዓይነት ድል ዕድሜው አጭር ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍል ካልተገኘ ተመልሶ ይመጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን የሞሮኮ ነገር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የሞሮኮ ወጣቶች በፌስቡክ ተጠራርተው ሦስት ነገር አንገዛም አሉ፦ የአንድ ኩባንያ ወተት፣ የአንድ ኩባንያ የታሸገ ውሃ እና አፍሪኪያ የሚባለውን የነዳጅ ማደያ። ወተቱን የሚሸጠው የዳኖን እኅት ኩባንያ ኪሳራ ውስጥ ገባ። የዳኖን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ራሳቸው ከፈረንሳይ መጥተው ከሰዉ ጋር ተነጋገሩ፣ በመጨረሻም የወተቱ ዋጋ ቀነሰ። የነዳጁስ? የአፍሪኪያ ባለቤት አዚዝ አኽኑሽ እ.ኤ.አ. በ2021 የሞሮኮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ! የነዳጅ ኩባንያዎቹ ዋጋ ያስከፈላቸው ጉዳይ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የአገሪቱ የውድድር ምክር ቤት አፋጥጧቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ዘጠኝ ኩባንያዎች 1.84 ቢሊዮን ድርሃም ለመክፈል ተስማሙ።

በአንድ አድማ ውስጥ ወተቱ ተሸነፈ፣ ነዳጁ አልተሸነፈም። ወተት ካደረ ይበላሻል፣ ሌላ ወተትም ገበያ ላይ አለ። የማደያው ነዳጅ ደግሞ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ቢቸና እንመለስ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የምንከፍለው የሚኒስቴሩን ዋጋ አይደለም። የምንከፍለው መንገድ ዳር በሃይላንድ የተደረደረውን ነው። ያ ደግሞ ነዳጅ ሲጠፋ ከማደያው ዋጋ እጥፍ፣ ሲብስም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቦቴው ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ደጀን ላይ ወደ ቢቸናና ሞጣ ይታጠፋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ይህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ እናንተው ታውቃላችሁ። መንገዱ ሲዘጋ ከተማ ውስጥ የሚቀረው ጀሪካን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ማደያው በ100 ብር፣ ሃይላንዱ በ220 ብር ቢሸጥ፣ ባጃጁ በቀን 4 ሊትር ቢጠጣ፣ ሹፌሩ በቀን 480 ብር ትርፍ ይከፍላል። ይቺን ከራሱ አያወጣትም፤ ታሪፉ ላይ ይጨምራል። ከጎጥ የመጣችው እናት ነች የምትከፍለው። ሦስት ቀን አልገዛም ቢል ደግሞ ለባጃጁ ባለቤት የሚያስገባው የቀን ገቢ አይቆምለትም። ስለዚህ አድማው መጀመሪያ የሚመታው ራሱን ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ሰልፍ ጠብቆ በማደያው ዋጋ ከቀዳ በኋላ «ተሳፋሪ ስጭን ከምውል ብሸጠው ይሻላል» ብሎ ከታንከሩ የሚገለብጠው አንዳንዱ የኛው ጓደኛ ነው። ሃይላንዱን የሚሞላው ሌላ አገር የመጣ ሰው አይደለም።

ታዲያ ይህ ገበያ ከማደያው ይልቅ ወደ ሞሮኮው ወተት ይጠጋል። ዋጋውን የሚጠራው ሻጩ ራሱ ነው። ቤንዚን በጀሪካን ሲቀመጥ ይተናል፣ ቤት ያቃጥላል፣ በ2017 የጸደቀው የነዳጅ ግብይት አዋጅም እንዲህ የሚሸጠውን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ከሁሉ በላይ ግን ሻጩ የሚፈራው ቦቴውን ነው። ቦቴ ገባ ከተባለ የትናንቱ 220 ብር ዛሬ ያንን አያወጣም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ገዢው ቦቴው መምጣቱን ያውቃል ወይ? ካወቀ ሁለት ቀን መታገሥ ይችላል፣ ሻጩም ዕቃው እጁ ላይ ሳይቀር በቀነሰው ይሸጣል። ካላወቀ፣ መንገዱም መቼ እንደሚከፈት ካልታወቀ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው የተባለውን ከፍሎ ይቀዳል። ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወደ ሆስፒታል የሚሮጥን ሰው «አድማ ላይ ነን» ማለትም አይቻልም፣ አይገባምም።

ከሃይላንዱ ዋጋ ውስጥ አንዱ ክፍል እንግዲህ የመረጃ ዋጋ ነው። ቦቴው የሚገባበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከዋዜማው ማታ ጀሪካኑን በውድ ያራግፋል። የማያውቀው ይገዛዋል። በነጋታው ማደያው ሲከፈት ያው ሰው ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆሟል።

እዚህ ላይ የሚጠየቅ ነገር አለ፣ ያውም ከባድ አይደለም። ከ2015 ግንቦት ጀምሮ በክልል ከተሞችም ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው ተብሏል፤ በቴሌብር የተከፈለ ሊትር ዱካ አለው። ስንት ሊትር እንደወረደ ማደያው ያውቃል፣ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትም ማወቅ አለበት። ቦቴው መንገድ ላይ ሳለ ይነገር አንልም፤ በዚህ ጊዜ እሱ ለሹፌሩም አደጋ ነው። ከወረደ በኋላ ግን ምን ምስጢር አለው? «ዛሬ ይህን ያህል ሊትር ወርዷል፤ ዛሬ ባጃጅ፣ ነገ ሞተርና የውሃ መሳቢያ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው» ተብሎ በማደያው በር ላይ ቢለጠፍ፣ ተራው ነገ የሆነ ሰው ዛሬ ማታ በሃይላንድ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ማታ ላይ ደግሞ ስንት እንደተሸጠ ቢጻፍ፣ ከወረደው ጋር ይነጻጸራል። ጎደለ? የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነው።

ለሦስት ቀን የሚደረገውን ጥሪ ይህ ይቀድመዋል። ወረቀቱ በር ላይ ካለ በኋላ «ዛሬ ወርዷል፣ ከሃይላንድ አትግዙ» የምትል አጭር መልእክት ሥራ ትሠራለች፤ ሰዉ የሚጠብቀው ነገር አለውና። ተሳፋሪውም ድርሻ አለው፤ ቢቸና ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትዘለቅ ከተማ ናት፣ ሸክም የሌለበት ሰው ሁለት ቀን ቢራመድ የሚቀንሰው የባጃጅ ምልልስ የሃይላንዱን ፈላጊ ይቀንሳል።

በቢቸና፣ በሞጣ ወይም በደጀን የወረደውን ሊትር ጽፎ በር ላይ የሚለጥፍ ማደያ ካያችሁ ፎቶውን ከነቀኑ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ እናወጣዋለን። የማይለጥፈውንም ሄደን «ለምን?» ብለን እንጠይቃለን።