ጨሌው ከፊት፣ ሥዕሉ ከኋላ

ቃሊቲ ላይ የሥዕል ማሳያና የጨሌ ሱቅ ልከፍት ነው የሚል ሰው ከወዳጆቹ መጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ነው። ቃሊቲ ሲባል ለአዲስ አበቤ ትዝ የሚለው ጉምሩክ፣ ወህኒ ቤቱ፣ የጅቡቲ ተሳቢና የፋብሪካ ጭስ ነው። ሥዕል ቦሌ ይሸጣል፤ የአንገት ጌጥ ደግሞ ፒያሳና ፖስታ ቤት አካባቢ። የሚስቁት ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት ግን አይደለም፤ ምክንያታቸውን መስማት ያስፈልጋል።

ዋናው ምክንያታቸው ገዢው ነው። በዚህ ከተማ ለዘመናዊ ሥዕል ደህና ገንዘብ የሚያወጣው ከኤምባሲ፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅትና ከዲያስፖራ የሚመጣ ሰው ነው፤ በቅርቡ ጥቂት ባለሀብቶችና ባንኮች ተጨምረውበታል። ቆንጂት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ1996 የከፈተችው አስኒ ጋለሪም ሆነ ራኬብ ስሌና መሳይ ኃይለልዑል ከሃያ ዓመት በኋላ ያቋቋሙት አዲስ ፋይን አርት ሥራዎቻቸውን ለዓመታት ያሳዩት ለዚህ ጠባብ ክበብ ነው። አዲስ ፋይን አርትማ ገበያው እዚህ ብቻ እንደማይበቃው ዐውቆ ለንደንም በር ከፍቷል። ይህ ገዢ ቃሊቲን የሚያውቀው ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ነው።

የሐሳቡ ደጋፊዎች በዚህ ጊዜ ዞማን ይጠቅሳሉ። መስከረም አሰጉድና ኤልያስ ስሜ መካኒሳ ላይ በጭቃ አሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈቱት ሙዚየም ከቦሌ ርቆ ሳለ ሰው ፈልጎት ይሄዳል። እውነት ነው፤ ቦታ ብቻውን አይወስንም። ነገር ግን ዞማ የሚኖረው ሥዕል ሸጦ አይደለም፤ የአትክልት ቦታው፣ የሕፃናት ትምህርቱና የመግቢያ ክፍያው አብረውት አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤልያስ ሙዚየሙ ከመከፈቱ በፊት በውጭ አገር ስም ያተረፈ ሠዓሊ ነበር። ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ይህን ሁሉ ተሸክሞ አይነሣም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ኪራዩ በወር 30,000 ብር ነው እንበል። አንድ የጨሌ ሐብል የጥሬ ዕቃውና የሠሪዋ ድካም ተከፍሎ 150 ብር ቢያተርፍ፣ ኪራዩን ለመሸፈን ብቻ በወር 200 ሐብል መሸጥ ያስፈልጋል፤ በሃያ አምስት የሥራ ቀን በቀን ስምንት። ሥዕሉ 25,000 ብር ተሽጦ ሲሶው ለማሳያው ቢቀር ደግሞ በወር አራት ሥዕል መሸጥ ይኖርበታል። በቀን ስምንት ሐብል መሸጥ አድካሚ ነው፣ የሚቻል ግን ይመስለኛል። ቃሊቲ ላይ በየወሩ አራት ሥዕል ይሸጣል ብሎ የሚምል ሰው ግን ካለ ላግኘው።

ኪራዩም ቢሆን አይታመንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሱቅን አይመለከትም፤ ባለቤቱ ውሉ ሲያልቅ የፈለገውን መጥራት ይችላል። ግድግዳ አስለስነው፣ መብራት አስተክለው፣ ደንበኛ ካለመዱ በኋላ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ይችላል። መልሶ ልማቱም አለ። መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው፣ የሥዕል ማሳያም የነበረው የካዛንቺሱ ፈንዲቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈርሷል። ያን ያህል ስም ያለው ቤት ካልቀረ፣ በዋና መንገድ ዳር ያለ የኪራይ ሱቅ ዋስትናው ምንድን ነው?

እስከዚህ ድረስ የሚስቁት ሰዎች ረትተዋል። የሚሸነፉት ጨሌው ላይ ነው።

ቃሊቲ የቢሾፍቱ መንገድ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ከሚወርደው ሕዝብ ከፊሉ በዚህ በኩል ያልፋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዋዜማው ቅዳሜ አዲስ አበባም ላይ ይከበራል። ለዚያ ሰሞን ጨሌ የማያስር ወጣት ጥቂት ነው፤ የአንገቱ፣ የግንባሩ፣ የእጁ፣ ከልብሱ ቀለም ጋር እየተመረጠ። ከዚያ ሠርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የትምህርት ቤት የባህል ቀን አለ። መናኸሪያው ከነመንገደኛው እዚያው ነው። ደመወዝ የሚቀበሉ የፋብሪካ ሴቶችም እዚያው ናቸው፤ ለእነርሱ አንድ ሐብል ለመግዛት ፒያሳ ድረስ መውጣት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። የደንበኛ እጥረት አይታየኝም።

የሚያሳስበኝ ዕቃው ነው። የብርጭቆ ጨሌ ከውጭ ይመጣል፤ የብር ዋጋ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ተወዷል። ለዚህ መልስ ያለው ከዚሁ ከከተማችን ነው። እንጦጦ ላይ ሴቶች የጥይት ቀለህ አቅልጠው ዶቃ ይሠራሉ፤ ዶቃው ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። ቃሊቲ ደግሞ የብረታ ብረት ሠፈር ነው። የናስ ቁርጥራጭና ቶርኖ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ቦሌ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ እዚህ ግን ጎረቤት ነው። ሸክላ፣ ቀንድ፣ የእንጨት ፍሬ ሲጨመርበት ሱቁ የሌላውን ጨሌ ከሚቸረችር የራሱን ዶቃ ወደሚሠራ ቤት ይለወጣል። ለሐሳቡ የሚከራከር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢያነሣ እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። ጨሌ በብዙ ቤት ከዛርና ከውቃቢ ጋር ይያያዛል። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም «ባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ ልጁን ሊከለክል ይችላል፤ ከአያት የወረደ ጨሌ አውጥቶ ያቃጠለ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። በሌላ በኩል ለኦሮሞ እናት ጨሌ ጌጥም ክብርም ነው። ባለሱቁ ሁለቱንም ማክበር አለበት፤ በመስታወቱ ላይ የሚደረድረውን መምረጥ ያለበትም ይህን ዐውቆ ነው። «የጥንት ነው» እየተባለ የሚመጣለትን ጌጥና የብር መስቀል ደግሞ ባይነካው ይሻላል፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ አሮጌ ዕቃ ለውጭ አገር ሰው መሸጥ ጣጣ ያመጣል።

ታዲያ ሥዕሉ ለምን? በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተው ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት በየዓመቱ ወጣቶች ይመረቃሉ፤ የቦሌ ግድግዳ አይበቃቸውም። በገላንና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ ስንት ሺህ ባዶ ግድግዳ አለ፤ የተሰቀለው የምርቃት ፎቶና ከቻይና የመጣ የፏፏቴ ፖስተር ነው (ፏፏቴው አንዳንዴ በመብራት ይፈሳል)። የእነዚህ ቤቶች ነዋሪ ለሥዕል 25,000 ብር አያወጣም። ለትንሽ ሥራ፣ ለእንጨት ቅርጽ ኅትመት፣ በወረቀት ላይ ለተሠራ የቀለም ሥዕል ግን የፖስተሩን ሁለት ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ሊከፍል ይችላል አልኩ እንጂ ይከፍላል አላልኩም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የማጸድቀው ግማሹን ነው። የፊቱ ክፍል ለጨሌው፣ ለመሥሪያ ጠረጴዛውና ለሠሪዎቹ ይሁን፤ የኋላው ግድግዳ ለሥዕል። ሥዕሉ በአደራ ይሰቀል፤ ድርሻው፣ የሚቆይበት ጊዜና ጉዳት ቢደርስበት ኃላፊው ማን እንደሆነ ከሠዓሊው ጋር በጽሑፍ ይፈረም፤ «ወንድሜ ነው» እየተባለ የተቀበሉት ሸራ ነው ብዙውን ጊዜ የሚያጣላው። የሱቅ ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ከእንቁጣጣሽ እስከ ኢሬቻ ባሉት ሳምንታት በጠረጴዛ ተነግዶ ይታይ። በዚያ ሰሞን በቀን ስምንት ሐብል ያልሸጠ ሰው በጥቅምት አይሸጥም።