የቀሪ መዝገቡ ምን ይነግረናል? የኮሌጅ ሪፖርቶችና የሠልጣኞች ዕጣ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ

በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ 40 ሠልጣኞች የተመዘገቡበት ክፍል አለ እንበል። በወሩ ውስጥ 20 የሥልጠና ቀናት ነበሩ። ኮሌጁ ለበላይ አካል በላከው ሪፖርት ሠልጣኞች በሥልጠና ላይ የተገኙበት መጠን 90 በመቶ እንደሆነ ተገልጿል። ቁጥሩ ሲታይ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ አንድ ቁጥር በስተጀርባ ሁለት ፍጹም የተለያዩ እውነታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ሠልጣኝ በወሩ ውስጥ ሁለት ሁለት ቀን የቀረበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ 36ቱ ሠልጣኞች አንድም ቀን ሳይቀሩ፣ አራቱ ወሩን ሙሉ ደጁን ያልረገጡበት ሁኔታ ነው። በሁለቱም ሁኔታዎች የቀሪው ድምር 80 ነው፤ በሁለቱም ሪፖርቱ 90 በመቶ ይላል።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። የአራቱ ሠልጣኞች ስም “አቋርጠዋል” ተብሎ ከመዝገብ ቢሰረዝና ሌሎቹ እንደተለመደው ቢገኙ፣ የቀጣዩ ወር ሪፖርት 100 በመቶ ይሆናል። በወረቀት ላይ መሻሻል ታየ ማለት ነው። በተግባር ግን አራት ወጣቶች ከነተስፋቸው ከሥልጠና ገበታ ወጥተዋል። ይህ ምሳሌ ለማስረዳት የቀረበ እንጂ የአንድ የተለየ ኮሌጅ ታሪክ አይደለም። ሆኖም በየትኛውም ተቋም ሊከሰት የሚችል በመሆኑ፣ ሪፖርት ለምንና ለማን እንደሚዘጋጅ በጥሞና ማጤን ተገቢ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው። የሠልጣኞች የመገኘትና የውጤት ሪፖርት ዋጋ የሚኖረው፣ እርምት ለመውሰድ ጊዜ ሳያልፍ ወደ ሠልጣኙ፣ ወደ አሠልጣኙና ወደ ወላጅ ሲመለስ ነው። ወደ ላይ ብቻ የሚጓዝ ሪፖርት የጠፋውን ይመዘግባል እንጂ የሚጠፋውን አያድንም።

ጉዳዩ በዋግ ኽምራ ለምን ይከብዳል?

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከላሊበላ በስተሰሜን እስከ ተከዜ ተፋሰስ የሚዘልቅ፣ በአብዛኛው ተራራማና በተደጋጋሚ በድርቅ የሚጠቃ አካባቢ ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ በሆነችው ሰቆጣ ከተማ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንዲሁም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይገኛሉ። ከደሃና፣ ከዝቋላ፣ ከጋዝጊብላ፣ ከሳህላ፣ ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች ለሚመጣ የአርሶ አደር ልጅ ወደ እነዚህ ተቋማት መግባት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በከተማ ቤት መከራየት፣ ከገጠር በሚላክ ስንቅ መኖር፣ የእርሻ ሥራ በሚበረታበት ወቅት ደግሞ በቤተሰቡ ማሳ ላይ የሚጎድለውን ጉልበት መተው ይጠይቃል። ስንቁ ከዘገየ ወይም ከተሟጠጠ ሠልጣኙ ሊያመጣው ወደ ገጠር ይሄዳል፤ ከእግር መንገዱ ርዝመት የተነሳም የሳምንት ሥልጠና ሊያመልጠው ይችላል።

ያለፉት ዓመታት ችግሩን አባብሰውታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ዋግ ኽምራ በቀጥታ ተጎድቷል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ወገኖችም በሰቆጣና አካባቢዋ ተጠልለው ቆይተዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ በተለይ በቆላማ ወረዳዎች እንስሳትና ሰብል ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግርም በትምህርትና በሥልጠና ሥራ ላይ ጫና ፈጥሯል። ስለሆነም በአንድ የሰቆጣ ኮሌጅ መዝገብ ላይ “ቀሪ” ተብሎ የሚሰፈረው ምልክት ስንፍናን ብቻ አያመለክትም። የስንቅ ማለቅን፣ የመንገድ መዘጋትን፣ የወላጅ ሕመምን ወይም የቤት ኪራይ መክፈል አለመቻልን ሊያመለክት ይችላል። ምክንያቱ ያልተጻፈበት ቀሪ ግማሽ መረጃ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ አኃዝ

አገራችን የመጨረሻ ውጤት ብቻ ማየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በቅርብ ዓመታት አይታለች። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። እነዚህ አኃዞች የፈተናውን ታማኝነት ለማስጠበቅ የተወሰደውን እርምጃ ፍሬ ያሳያሉ። በሌላ በኩል ግን ለ12 ዓመታት በየክፍሉ ሲንከባለል የቆየ የትምህርት ክፍተት በአንድ ቀን መገለጡን ይናገራሉ። ውጤቱ ይፋ ሲሆን ተማሪው የሚደገፍበት ጊዜ አብቅቷል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ብዙ ወጣቶች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው። ኮሌጆችም ክፍተቱን የሚያውቁት በዓመቱ መጨረሻ፣ ሠልጣኞች ለሙያ ብቃት ምዘና ሲቀርቡ ከሆነ ያው ስሕተት ይደገማል። በምዘና ሪፖርትም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ40 ተመዝጋቢዎች 30ዎቹ ተመዝነው 24ቱ ብቁ ቢሆኑ፣ ከተመዘኑት አንጻር ስኬቱ 80 በመቶ ነው፤ ከተመዘገቡት አንጻር ግን 60 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያቀርብ ሪፖርት ግን ለምዘና ሳይደርሱ የቀሩትን አሥር ሠልጣኞች ከእይታ ውጭ ያደርጋቸዋል።

ከሰቆጣ ስም ጋር የተያያዘ ትምህርት

መረጃን ለፈጣን ውሳኔ መጠቀም ለዋግ ኽምራ እንግዳ አሠራር አይደለም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የከተማዋን ስም ይዞ “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ተብሏል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራና በትግራይ ክልሎች በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 40 ወረዳዎች ተግባራዊ ሆኗል። ከፕሮግራሙ ምሰሶዎች አንዱ “የመረጃ አብዮት” የሚል ስያሜ የተሰጠው ነው። ዓላማውም መረጃ በየደረጃው ለውሳኔ እንዲውል ማድረግ ነው።

በሥነ ምግብ ሥራ የተለመደ አንድ መርሕ አለ። የሕፃኑ ክብደት በየወሩ የሚለካው ካርዱን ለመሙላት አይደለም፤ ዕድገቱ ሲገታ እናትየውን በዚያው ቀን ለመምከርና ለመደገፍ ነው። ለኮሌጅ ሠልጣኝ የቀሪ መዝገብና የተከታታይ ምዘና ውጤት ከዚህ ካርድ የሚለይ ነገር የለውም። የሚለካው ሊደረስለት ስለሆነ ነው።

የውጭ ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ትምህርት ቤቶች፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወደ 10ኛ ለመዛወር የሚያበቃውን የትምህርት መጠን ማሟላቱንና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ የሴሚስተር ውድቀት በላይ አለመመዝገቡን የሚያሳይ አመልካች ይጠቀማሉ። ተማሪዎች ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምሩ ለመምህራን የሚያሳውቅ ሪፖርት በየጊዜው መድረስ ከጀመረ በኋላ፣ በትክክለኛው መስመር ላይ ያሉ ተማሪዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ከነበረበት 57 በመቶ በ2013 ወደ 82 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጡን ያመጣው መዝገቡ ብቻውን አልነበረም፤ መምህራን በስም የተለየውን ተማሪ ቀርበው ማነጋገራቸው ነው።

ጠቃሚ ሪፖርት ምን ይይዛል?

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ በአግባቡ የተያዘ የወረቀት መዝገብም ይበቃል። ዋናው ነገር አራት ጥያቄዎችን መመለሱ ነው።

አንደኛ፣ ማን ቀረ? አማካይ ቁጥር ለዕቅድ ይጠቅማል፤ ድጋፍ የሚሰጠው ግን ለሰው ስለሆነ፣ በኮሌጁ ውስጥ የሚሠራበት ሪፖርት በተከታታይ የቀሩትን በስም መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ ለምን ቀረ? ሕመም፣ የስንቅና የገንዘብ ችግር፣ የእርሻ ሥራ፣ ጸጥታና መንገድ፣ ጋብቻ፣ የትምህርቱ መክበድ ተለይተው ሊመዘገቡ ይገባል። ሦስተኛ፣ ከስንት ተመዝጋቢ? በዓመቱ መጀመሪያ የተመዘገቡት ቁጥር እስከ መጨረሻው ሳይሸራረፍ መቆየትና ያቋረጡትም ለብቻቸው መታየት አለባቸው። አራተኛ፣ ምን ተደረገ? ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የተወሰደው እርምጃና ውጤቱ ካልሰፈረ ሪፖርቱ አልተጠናቀቀም።

ወንዶችንና ሴቶችን ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። በከተማ ብቻዋን ተከራይታ የምትማር ሴት ሠልጣኝ የሚያጋጥማት ችግር ከወንዱ ሊለይ ስለሚችል፣ በጥቅል አኃዝ ውስጥ በቀላሉ ይሸፈናል። ግብረ መልሱ ለወላጅ በሚደርስበት ጊዜም ቋንቋ መዘንጋት የለበትም። አፉን በኽምጣና የፈታ ወላጅ በአማርኛ ከተጻፈ ደብዳቤ ይልቅ በራሱ ቋንቋ በቃል የሚነገረው መልእክት ይበልጥ ይገባዋል።

ሪፖርት ሲፈራ መረጃ ይበላሻል

ሪፖርት ለቅጣት ብቻ የሚውል ከሆነ እውነቱ ይደበቃል። ቀሪ ያበዛ ክፍል አሠልጣኙን የሚያስወቅሰው ከሆነ፣ ስም ሳይጠራ ሁሉም “ተገኝቷል” የሚባልበት ቀን ይመጣል። ቀሪ ያበዛ ሠልጣኝ ሳይጠየቅ የሚባረር ከሆነ ደግሞ፣ ጓደኛው በስሙ “አቤት” ይልለታል። በዚህ መልኩ የተሰበሰበ ቁጥር ከኮሌጅ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ሚኒስቴር እየተደመረ ሲሄድ፣ በተሳሳተ መሠረት ላይ የቆመ ዕቅድና በጀት ያስከትላል። ይህ ማለት ግን የመገኘት ግዴታ ይላላ ማለት አይደለም። በወርክሾፕ ያልተለማመደ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለራሱም ለተገልጋዩም አደጋ ነው፤ በክፍል ያልተገኘ ዕጩ መምህርም ነገ የሚያስተምራቸውን ሕፃናት ይጎዳል። መርሑ “መጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ መደገፍ፣ በመጨረሻ ደንቡን ማስፈጸም” ሊሆን ይገባል።

ሠልጣኞችና ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ውድ ተገልጋዮች፣ በኮሌጁ መዝገብ ላይ የሰፈረው መረጃ የእናንተም ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማንኛውም ሰው ስለራሱ የተያዘ መረጃን የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚህም መሠረት የሚከተሉትን ተግባራት እንድታከናውኑ ይመከራል።

• የተመዘገበባችሁን የቀሪ ቀናት ብዛትና የተከታታይ ምዘና ውጤት የማጠቃለያ ምዘና እስኪደርስ ሳትጠብቁ አሠልጣኛችሁን ወይም የሬጅስትራር ክፍሉን ጠይቁ፤ ስሕተት ካገኛችሁ በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂውን ያዙ።

• በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ስትቀሩ ማስረጃችሁን በወቅቱ አቅርቡ። ከጤና ተቋም ወይም ከቀበሌ አስተዳደር የተሰጠ ደብዳቤ ሊያገለግል ይችላል።

• ሥልጠናውን ለጊዜው ለማቋረጥ ከተገደዳችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። በኮሌጁ ደንብ መሠረት የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ መውጣት ለዳግም ቅበላ በር ይከፍታል፤ ሳያሳውቁ መቅረት ግን ይህን ዕድል ሊያሳጣ ይችላል።

• ወላጆች ስልክ ቁጥራችሁን ወይም በቅርብ የሚገኝ ተጠሪ በኮሌጁ አስመዝግቡ፤ ለስንቅ ወይም ለገበያ ወደ ሰቆጣ ስትመጡም ስለ ልጃችሁ ሁኔታ ጠይቁ።

• ቅሬታ ሲኖራችሁ መጀመሪያ ለኮሌጁ ቅሬታ ሰሚ አካል አቅርቡ። መልስ ካላገኛችሁ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ለክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ፣ ዕጩ መምህራን ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ማመልከት ትችላላችሁ። የአስተዳደር በደል ደርሶብናል የምትሉ ከሆነም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል።

በአጠቃላይ፣ ሪፖርት የማዘጋጀት ልምድ በተቋሞቻችን ውስጥ አዲስ አይደለም። የሚጎድለው ሪፖርቱ ከተጻፈ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። በጽሑፉ መግቢያ ላይ ወደተነሳው ምሳሌ ስንመለስ፣ አራቱ ሠልጣኞች በቀሩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አሠልጣኝ ስልክ ደውሎ “ምን ገጠማችሁ?” ቢል፣ አንዱ በሕመም፣ ሌላው በስንቅ እጦት ምክንያት እንደቀረ ይታወቅ ነበር። ለሁለቱም መፍትሔ ሊፈለግ ይችላል። ወሩ ካለቀና ስማቸው ከተሰረዘ በኋላ ግን የሚቀረው 100 በመቶ የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ኮሌጅ ጥንካሬ መመዘን ያለበት በላከው ሪፖርት ብዛት ሳይሆን፣ ቀርተው ከነበሩት ሠልጣኞች መካከል ስንቱን ወደ ሥልጠና ገበታ እንደመለሰ ነው።