ማማውን ማን ያሠራዋል?

ጓዶች፤

በመካከላችን ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። ይኸውም «ጋዝ ማጣራት የነዳጅ ከበርቴዎች ትምህርት ነው፤ ለአገራችን ገበሬ ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። እኛ ይህ አባባል የተሳሳተ ነው እንላለን። ምክንያታችንንም እናቀርባለን።

ከምድር የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባሉ አሲዳማ ጋዞች ይቀላቀሉበታል። ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ ቧንቧ ይበላሉ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ሰው ይገድላል። እነዚህን ጋዞች ለመለየት አሚን የተባለ ኬሚካል በውሃ ተበጥብጦ ከማማ አናት ይወርዳል፤ ጋዙም ከሥር ይወጣል። ፈሳሹ በቅዝቃዜ አሲዳማውን ጋዝ ይይዛል፤ በሌላ ማማ ወደ 120 ዲግሪ ሲሞቅ ይለቀዋል። ከዚያ ቀዝቅዞ እንደገና ለሥራ ይመለሳል። በዚህ ዘዴ ሮበርት ቦተምስ የተባለ አሜሪካዊ የፓተንት መብት ያገኘው በ1930 እ.ኤ.አ. ነበር።

ታዲያ ይህ ከገበሬው ጋር ምን ያገናኘዋል? ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ አሞንያ በሚያመርቱ ብዙ ፋብሪካዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሃይድሮጅኑ የሚለየው ይኸው የአሚን ፈሳሽ ነው። ተይዞ የተለቀቀው ጋዝም ከአሞንያው ጋር ተዋሕዶ ዩሪያ ይሆናል፤ ለ1 ቶን ዩሪያ 0.73 ቶን ያህል ይገባል።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በተፈራረመው ስምምነት መሠረት በጎዴ የሚታሰበው ፋብሪካ በኦጋዴን ጋዝ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዷል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ማማውን ማን ያሠራዋል? ፈሳሹ ሲያረጅ፣ አረፋ ሲያወጣ፣ ብረቱን መብላት ሲጀምር ማን ያውቃል? ባለሙያው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ለአገሬው ልጅ የሚተርፈው ጥበቃና ጽዳት ብቻ ነው።

ይህን ስንል በዓይነ ስውርነት አናጨብጭብ። በአቡ ዳቢ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብረት ፋብሪካ በዓመት እስከ 800,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ የሚችል ጣቢያ ተተክሏል። የተያዘው ጋዝ ግን ተጨማሪ ዘይት እንዲገፋ ወደ ነዳጅ ጉድጓድ ይረጫል። በዩሪያ የታሰረውም ቢሆን ማሳ ላይ ተመልሶ አየር ይሆናል። ፈሳሹን ለማሞቅ የሚነደው ነዳጅም ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ያዝን» የሚለን ሁሉ «የት አደረሳችሁት?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በመሆኑም አቋማችን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪዎች ጓዶች የተማሩትን በአማርኛና በሶማልኛ ለሠራተኛ በሚገባ መልክ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ የመርዝ ጋዝ ጥንቃቄ ከሁሉ ይቅደም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛልና «አይሸትም» ማለት ደኅንነት አይደለም። ሦስተኛ፣ የጎዴና የአካባቢዋ ወጣቶች በሥልጠናው ግንባር ቀደም እንዲሆኑ ማኅበራችን ድምፁን ያሰማ።

ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዕውቀት ግን ማማው ሥር ይፈለጋል።

ዕውቀት ለሰፊው ሕዝብ!