የዱቤ ሰብሳቢው ደመወዝ ስለ ምን ያንሳል?

በቃሊቲ በኩል የገባው ዕቃ ሳሪስ አቦ ደርሶ በየመደብሩ ከተራገፈ በኋላ፣ ብዙው ለቸርቻሪ የሚተላለፈው በዱቤ መሆኑ ለነጋዴ ወገኖቻችን የተሰወረ አይደለም። «ዱቤ ነገ» የሚል ጽሑፍ በግድግዳው የለጠፈ ባለሱቅ እንኳ፣ ለቆየ ደንበኛው መዝገቡን መክፈቱ አይቀርም።

እንግዲህ በዱቤ መስጠት የንግድ ግማሹ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ገንዘቡን በቀኑ መሰብሰብ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የሚሠራው የተሰብሳቢ ሂሳብ ኃላፊ፣ በብዙዎቻችን ዘንድ ከሂሳብ ሹሙና ከሂሳብ መርማሪው በታች ሲከፈለው እናያለን። ምክንያቱ ሲጠየቅ «እነርሱ በትምህርታቸው፣ እርሱ በእግሩ ነው የሚሠራው» ይባላል። የዚህን አነጋገር ስሕተት በቁጥር ማስረዳት ይቻላል።

አንድ ነጋዴ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ ሰጠ እንበል፤ የሚሠራበትም ገንዘብ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ከባንክ የተበደረው ይሁን። ክፍያው ከቀጠሮው አንድ ወር ቢዘገይ 30,000 ብር፣ ሦስት ወር ቢዘገይ 90,000 ብር ለወለድ ይወጣል። የሂሳብ ሹሙ ይህን ጉዳት በመዝገብ አጣርቶ ያሳያል፤ ሰብሳቢው ግን ጉዳቱ ሳይደርስ ያስቀረዋል።

እኔም የዚህ ጥፋት ተካፋይ መሆኔን አልሸሽግም። አንድ ትጉህ ሰብሳቢዬ ከሂሳብ ሹሙ እኩል እንዲከፈለው ቢጠይቀኝ እንቢ አልኩት። እርሱ ሲሄድ፣ የትኛው ባለዕዳ በየትኛው ቀን ገንዘብ እንደሚያገኝ፣ ማን በትዕግሥት ማንስ በቁርጥ ቃል እንደሚከፍል ያለው ዕውቀት አብሮት ሄደ። በእጄ የቀረው ፊርማ የሞላበት መዝገብ ብቻ ነበር።

«ከሰበሰበው ላይ ኮሚሽን ብቻ ይከፈለው» የሚሉ አሉ። ይህም አይበጅም። ለኮሚሽኑ የሚጣደፍ ሰው ደንበኛን በአደባባይ ያዋርዳል፤ ባለዕዳና ባለገንዘብ ተቆራኝተው የሚውሉበት ዘመንም አልፏል። ከዚህም በቀር በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት በመደበኛው ደመወዝ ላይ ስለ ሆነ፣ በኮሚሽን ብቻ የኖረ ሰው ለእርጅናው የሚተርፈው የለም።

ስለዚህ የሰብሳቢው መደበኛ ደመወዝ ከሂሳብ ሹሙ ጋር ይተካከል፤ በቀኑ ለገባ ገንዘብ መጠነኛ ሽልማት ይታከልበት፤ ጠብና ጥርጣሬም እንዳይነሣ ባለዕዳው ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ባንክ ያግባ እንላለን። ትርፍ የሚባለው ከእጃችን የገባው እንጂ በመዝገብ የተጻፈው አይደለም፤ ያን የሚያስገባልንን ሰው በደመወዝ ባናስቀይመው ለራሳችን ይበጀናል።