ከናኖቲዩብ በፊት የይርጋጨፌን ቡና እንለካ



የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ መምረጫ ሲደርስ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምንማር ተማሪዎች ዓይናችን ሩቅ ያያል። ካርቦን ናኖቲዩብ ቢማርከን አይፈረድብንም። ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር ገደማ የሆነው ይህ ቱቦ ብርሃን ሲውጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይ ይዘላል፤ ትቶት ከሄደው ክፍት ቦታ ጋር ግን ተሳስሮ ይቆያል። ጥምረቱ ኤክሳይቶን ይባላል። ኤሌክትሮኑ ሲመለስ የሚወጣው ብርሃን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ስለሆነ ውድ መሣሪያ ይጠይቃል። መሣሪያው በሌለበት የሚጻፈው ፕሮጀክት የሌሎችን ውጤት ከማጠቃለል አያልፍም።

የኤሌክትሮን ዝላይ ግን በጀበናችን ውስጥም አለ። አበበ በላይና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ፉድ ኬሚስትሪ በተባለው ጆርናል ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ካፌይን ውሃ ውስጥ ሲሟሟ 272 ናኖሜትር ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚውጥ ለኩ። የተዋጠው ብርሃን በበዛ ቁጥር ካፌይኑም ብዙ ነው። በዚህ ዘዴ የጌዴኦ ይርጋጨፌ ቡና 1.01 በመቶ፣ የቴፒ 1.07፣ የቤንች ማጂ 1.1፣ የጎደሬ 1.19 በመቶ ካፌይን ተገኘበት። ከአራቱ ዝቅተኛው የእኛው ነው! ለፈተና ሌሊቱን በቡና የምንገፋ ሰዎች ልብ እንበል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎችን ለሌሊት ዚክር ያነቃቸውም ይኸው ካፌይን ነበር።

«ይህማ የተሠራ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን አንድ ቁጥር ጌዴኦን ሁሉ ይወክላል ብለን አናምንም። የወናጎ፣ የኮቸሬና የገደብ ቡና አንድ ከፍታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ጥላ ሥር አይበቅልም። ልዩነት አለ ወይስ የለም? ይህን ከእኛ በላይ ለመጠየቅ የቀረበ የለም፤ ቤተሰቦቻቸው ቡና የሚያለሙ ጓደኞች አሉን፣ ናሙናውም በታክሲ ይመጣል።

ሥራው ቀላል ነው እያልን አይደለም። ተራ ብርጭቆ ይህን ብርሃን ስለሚያግድ የናሙና መያዣው ኳርትዝ መሆን አለበት። ካፌይኑን ከቡናው የሚለየው ዳይክሎሮሜቴን ትነቱ ጎጂ ስለሆነ ያለ አየር ማስወጫ አይነካም። ቡና ውስጥ ያሉ ሌሎች ውህዶችም እዚያው አካባቢ ብርሃን ስለሚውጡ የካፌይኑን ድርሻ በስሌት መለየት ያስፈልጋል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ያደረጉት በጋውሲያን ኩርባ ነው። ርዕስ ከማስመዝገባችን በፊት ኳርትዙና አየር ማስወጫው መኖራቸውን ከቤተ ሙከራ ኃላፊዎች እንጠይቅ።