የምክር ቤቱ ሰዓት

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ ዐራት ኪሎ የወጣ ሰው የፓርላማውን የሰዓት ማማ ሳያይ አይመለስም። በውስጡ ስለ መናገሪያ ጊዜና ስለ አጀንዳ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ግን ብዙዎች እንደ ከንቱ ንትርክ ይቈጥሩታል። እኔስ ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልታየኝም።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ160 በላይ መቀመጫ አገኙ። እነርሱ ገና ሳይገቡ፥ ዘመኑን ሊፈጽም የተቃረበው ምክር ቤት ደንቡን ለውጦ፥ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ድጋፍ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ጥቂቶቹ ተከራክረው ለመሸነፍ እንኳ የብዙኃኑን ፈቃድ ሊለምኑ ነው!

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ከ547ቱ መቀመጫ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ሆነው የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። ጊዜ በመቀመጫ ልክ ይታደል የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው፤ አንድ ሰዓት ለ547 ሲካፈል ለአንድ ሰው ሰባት ሴኮንድ አይሞላም። አፈ ጉባኤውን አመስግኖ ለመቀመጥ ይበቃ ይሆናል።

እርግጥ ሕገ መንግሥቱ የጉባኤውን ዘመን ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ወስኖታል፤ ሁሉም ያለ ገደብ ቢናገር ሕግ አይወጣም። ዳሩ ግን በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተራው የደረሰው ሰው ዘመዱ ቢያንስም ይናገር ነበር። ስለዚህ ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ይሁን፤ ለክርክሩ ግን ለእያንዳንዱ ወገን የማይነካ ደቂቃ በደንብ ይጻፍለት፤ በወር አንድ ቀንም አጀንዳውን ተቃዋሚዎቹ ይምረጡት።